ባለካሴቱ አማች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ደግሞ እድሜ ልኬን ተመንጥሬ አላውቅም። ለምን? እጠረጥራለኋ! ወተት ሻጩን እጠረጥራለሁ። የታክሲ ወያላውን እጠረጥራለሁ። "ደህና ነሽ ወይ?" ብሎ ሁለቴ ከጠየቀኝ ሰው ላይማ ዓይኔን አልነቅልም። አንዴው ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ምን ፈልጎ ነው?

ይሄን የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ ሜሮን ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ከአሁኑ ፊቷን አጨማዳለች፣ ምክንያቱም ወሬው የእህቷ ነው። ታጨማድ! እኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሜሮን ታላቅ እህት፣ ለሕይወት፣ ሽማግሌ መጣላት። እዚሁ አቃቂ፣ ወንድሜ ቤት። እኔ ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ ሰፈሩም ከኔ ተቀብሎ ወንድም ጋሼ ይለዋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ተሰማ ይባላሉ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ ሻይ ይቀዘቅዛል። ብቻ ተነሡ፣ ቆሙ፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። ወንድም ጋሼም እንደ ወጉ "ልጅቷንም እንጠይቅ፣ ዘመድም እንጠይቅ፣ ሁለት ሳምንት ስጡን" አለ።

ሁለት ሳምንቱ ለምንድነው? ለማጣራት ነዋ። ዘሩ ማነው፣ ይጠጣል ወይ፣ ሌላ ቦታ ልጅ አለው ወይ። በኛ ቤት ደግሞ ማጣራት የማን ሥራ ነው? ማንም አልሾመኝም። ግን ሌላ ማን አለ?

ሕይወት ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣች። "አክስቴ፣ በናትሽ ቀስ ብለሽ። አባዬ አንቺ ያልሽውን ነው የሚሰማው። እምቢ ካለ ደግሞ እኔ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጅቷ ልጁን ትወደዋለች፣ አለቀ። እኔ ግን ፍቅርንም እጠረጥራለሁ።

ልጁ ናትናኤል ይባላል። ቃሊቲ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል። አይጠጣም። አይቅምም። አያጨስም። ኳስ እንኳን አያይም! እስቲ ፍረዱኝ፣ ይሄ ሰው ነው? "ታዲያ ከሥራ ሲወጣ ምን ያደርጋል?" አልኳት ሕይወትን። "ቤቱ ነው፣ ካሴት ይሠራል" አለችኝ።

ካሴት? በዚህ ዘመን? የምን ካሴት፣ የመዝሙር?

"የጌም ካሴት።"

ያ ድሮ ከቲቪ ጋር የሚሰካው ጌም ትዝ ይላችኋል? ካሴት ይሰካበት ነበር፣ ከላዩ ላይ። እነሱም ነበራቸው፣ ሜሮንና ሕይወት ተራ ለመያዝ ይናከሱ ነበር። አንዱን ካሴት አውጥተሽ ሌላውን ትከቻለሽ፣ አልሠራ ሲል አውጥተሽ እፍ ትይበታለሽ። እና ያንን ነው ትልቁ ሰውዬ ቤቱን ዘግቶ የሚሠራው። ልጅ ይጫወትበታል ቢሉኝ እሺ። ሠላሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው!

ተነሥቼ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። "በዚህ ሳልፍ" ብዬ ነው የገባሁት። በኮዬ ፈጬ ማለፍ ማለት ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል፤ ማንም በዚያ አያልፍም፣ ወይ ትኖሪበታለሽ ወይ ጠፍተሻል። ናትናኤል በሩን ሲከፍት እጁ ላይ ወረንጦ ይዟል። ደነገጠ። ለምን ይደነግጣል? "ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ" አለና ወንበሩ ላይ ያለውን ሽቦ ጠረገልኝ። ለስላሳ ልግዛልዎ ብሎ ሊወርድ ሲል "ተው፣ አልጠማኝም" አልኩት። እሱ ወጥቶ እኔ ብቻዬን ብቀር ጥሩ ነበር፣ ግን ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ?

ጠረጴዛው ጉድ ነው። ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ መበየጃ፣ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር፣ ተፈልቅቆ የተከፈተ አሮጌ ቢጫ ካሴት። ከካሴቱ አጠገብ አረንጓዴ ስስ ቦርድ፣ ጫፉ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ወርቃማ መስመር የተደረደረበት። ቤቱ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?" አልኩ፣ ድምፄን ማር አስመስዬ።

ወይ መጠየቄ! አፉ ተከፈተለት። ድሮ አንድ ካሴት አንድ ጌም ነው፣ እሱ የሚሠራው ግን ባዶ ካሴት ነው፣ ትንሽዬ ሚሞሪ ካርድ ትገባበታለች፣ የፈለገውን ጌም ይጭንበታል። ራሱ የፈጠረውንም ጭምር። ችግሩ ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አምስት ቮልት ነው የለመደው። አዲሱ ሚሞሪ ደግሞ ከሦስት ትንሽ ካለፈበት ይቃጠላል። እና መሃላቸው ገብቶ የሚያስማማ ቺፕ አስገባሁ አለኝ።

"እንደ ሽማግሌ በለኛ" አልኩት።

"ልክ እንደ ሽማግሌ!" አለና ደስ አለው። ከዚያ ማሽኑ ትልቅ ነገር ባንዴ ማየት ስለማይችል ገጽ በገጽ የምትገልጥለት ሌላ ቺፕ አሳየኝ። የመጀመሪያው ቦርድ ወፍሮበት አልገባም፣ ሌላኛው ስስ ሆኖበት ተንቀጠቀጠ፣ ሌላኛውን አቃጠለው። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አሁን ማሽኑ የፋብሪካ ካሴት የተሰካለት ይመስለዋል፣ አታልለዋለሁ!" ብሎ ሳቀ።

አታልለዋለሁ። በራሱ አፍ።

"ትሸጠዋለህ?" አልኩት።

"ኧረ አይ፣ ለራሴ ነው።"

"ምን ያህል ለፋህበት?"

"ዓመት አልፎኛል፣ እትዬ።"

"ስልክ ላይ ጌም ሞልቶ የለ እንዴ፣ በነፃ?"

"እሱ የኔ አይደለማ" አለኝ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ? ፋብሪካ ሲሠራ ውሎ መጥቶ፣ ዓመት ሙሉ ጎብጦ፣ ዓይኑን አጥፍቶ፣ የማይሸጥ ነገር ይሠራል። ሰው ለጥቅሙ ሲሮጥ ይገባኛል፣ ሲሰርቅም ይገባኛል። ያለ ጥቅም የሚለፋ ሰው ግን ያስፈራል። የሆነ ነገር ከበስተጀርባው አለ።

ልወጣ ስል አየሁት። በሩ አጠገብ ኮሪደሩ ላይ የካርድ ቆጣሪው ተሰቅሏል። መብራት ስትሞሉ ካርዷን የምትከቱባት ቀዳዳ አለች አይደል? ዓይኔ ከቀዳዳዋ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ቀዳዳዋ ሄደ። ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው። ካርድ የሚገባበት ነገር ይሠራል። ማሽን ያታልላል። ቀሪውን እናንተ ደምሩት።

ከፎቁ ሥር ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ አለው። እኔ ምንም አላልኩም። ይሄን ሜሮን በደንብ ጻፊልኝ፣ ምንም አላልኩም። ጠየቅኩ እንጂ። "ይሄ ፎቅ ላይ ያለው ኤሌክትሪሺያን፣ መቼም ቆጣሪ የሚያታልል ካርድ አይሠራም አይደል?" አልኩ። ከድር ስኳር እየመዘነ ነበር። እጁ ቆመ።

"ይሠራል እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ! አንተን ልጠይቅህ እንጂ" አልኩና ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላማ ወሬውን ማን ያቁመው? በሚኒባስ ሄደ መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሳሪስ አቦ የምትኖረው ጓደኛዬ ዘነበች ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን አልሰጠችኝም። "ጉድ ሰማሽ? ኮዬ ፈጬ አንድ ኤሌክትሪሺያን የመብራት ካርድ ሠርቷል አሉ። አንዴ ከከተትሽው ቆጣሪው አይቆጥርም!"

አላልኩም? "ማን አለ?" አልኩ።

"ያላለ ማን አለ! እንዲያውም አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ደርሳበት፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ስታጣራ ነበር። ከላይ የተላከች ሳትሆን አትቀርም ነው የሚሉት።"

"ጎበዝ ሴትዮ!" አልኩ።

ሜሮን፣ ምን ያስቅሻል? በዚህ ከተማ ጃንጥላ የያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ? ደግሞ እኔ የጠየቅኩት አንድ ሱቅ ነው፣ ሴትዮዋ ሱቅ ለሱቅ ነው የዞረችው። ሌላ ሰው ናት። እኔ የማውቀው፣ እኔ የጠረጠርኩትን ሳሪስ ድረስ ያለ ሰው ከጠረጠረው እውነት ነው። ዘነበች ደግሞ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን አለችኝ? "እኔ ምልሽ፣ የልጁን ቤት ግን አታውቂውም?"

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ለወንድም ጋሼ ነገርኩት። ተነሥቶ ቤቱን ዞረው። "ሌባ! እኔ ልጄን ለሌባ! ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ እምቢታዬን ይዘው ይሄዳሉ!" ሕይወት ግድግዳ ማዶ ሆና ትሰማለች፣ ለቅሶዋ ይሰማኛል። ወንድም ጋሼ ዞረ፣ ዞረ፣ ተቀመጠ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣

"ለመሆኑ ይሠራል?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ካርዱ። ለማወቅ ያህል ነው።"

የእናቴን ልጅ አየሁት። እሱም ጣሪያውን አየ።

ቀኑ ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ "ስለ ልጃችሁ ያልጠበቅነው ነገር ሰምተናል። ቆጣሪ የሚያታልል ካርድ ይሠራል ይባላል" አለ። እኔ አቶ ተሰማ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። "እኛም ሰምተናል" አሉ። ብለውም ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። ሌሎቹም ሳብ አደረጉ።

ሕይወት አልቻለችም። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ አትናገርም፣ እሷ ግን ከጓዳ ወጥታ "አባዬ፣ ጌም ነው! ውጪ ነው ያለው፣ ይግባና እዩት፣ ከዚያ እምቢ ካልክም በል" አለች። ለካ ልጁን ጠርታው ኖሮ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጠያቂ ከሽማግሌ ጋር መጥቶ ያውቃል? ብቻ ገባ። ሱፍ ለብሷል፣ በፌስታል አሮጌ ጌም ይዟል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ለሁሉም እጅ ነሣና የወንድሜ ቲቪ ጀርባ ተንበርክኮ ሽቦ ይሰካ ጀመር።

አበራው። ቲቪው ግራጫ። ድጋሚ አበራው። ግራጫ።

"አላልኩም?" አልኩ። አዎ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሕይወት አየችኝ፣ ያን አስተያየት አልረሳውም።

ልጁ ካሴቱን አውጥቶ በመሃረብ ሊጠርግ ሲል አቶ ተሰማ "እፍ በልበት እንጂ!" አሉ።

"አባባ፣ እፍ ሲሉት እኮ ይዝጋል፣ የሚጠቅም..."

"እፍ በል ስትባል እፍ በል! እኛም ልጅ አሳድገናል!"

እፍ አለ። ሰካው። በራ!

አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ብቅ አለች። ቃሊቲን የመሰለ መንገድ፣ ጉድጓዱ ሳይቀር። ባጃጅ ከጎን ይገባባታል፣ እሷ ትታጠፋለች፣ ተሳፋሪ ታነሣለች። አቶ ተሰማ ከወንበራቸው ተነሥተው "ግራ! ግራ በላት! ጉድጓድ!" ይላሉ። ወንድም ጋሼ መጫወቻውን ከልጁ እጅ ወስዶ ከአንድ ባጃጅ ጋር ተላተመ፣ "ጥፋቱ የሱ ነው" አለ። ሕይወት በእንባዋ መሃል ትስቃለች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ልቤ ራራ።

ወንድም ጋሼ ግን መጫወቻውን አስቀመጠና "ለማንኛውም ቆጣሪው ላይ ይሞከር" አለ።

ሁላችንም ወጣን። ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ግድግዳው ላይ ነው። ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው፣ ወንድም ጋሼ፣ እኔ፣ ልጆቹ፣ ቆጣሪውን ከበብነው። ናትናኤል ካሴቱን ቀዳዳዋ ላይ አስጠጋው። ካሴቱ የቂጣ ያህል ወፍራም ነው፣ ቀዳዳዋ ስስ ካርድ እንጂ ሌላ አታስገባም። በጎን ሞከሩት። በጀርባው ሞከሩት። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸው ተቀብለው ገፋ አደረጉት። አይገባም። ሊገባም አይችልም።

አሁን፣ ልጁ ከሌብነት ነፃ ወጣ ማለት ነው። "ተመስገን" የሚል ሰው ጠበቅኩ። አንድም ሰው የለም! እኔ የሰው ፊት አነባለሁ፤ ግቢው ውስጥ የነበረው ፊት የሐዘን ቤት ፊት ነው። አንደኛው ሽማግሌ "ጌም ብቻ ነው ማለት ነው?" አሉ። "ጌም ብቻ ነው" አለ ልጁ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ። ወንድም ጋሼ በረጅሙ ተነፈሰና "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ። እንዲህ ሆና ነው የተዳረችው፣ በ"ምን ይደረጋል"።

ከዚያ ቀን ወዲህ ናትናኤልን መጠርጠር ትቻለሁ። አሁን የምጠረጥረው ሌላውን ሰው ሁሉ ነው።

ምርቃቱ አለቀ፣ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ተነሡ። እኔ እስከ በር ሸኘኋቸው፣ ለማዳመጥም ጭምር። አቶ ተሰማ ባጃጁ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ ግቢው ቆጣሪ ዞረው አዩ። ናትናኤልን ትከሻው ላይ መታ መታ አድርገው፣ በአባት ድምፅ፣ "አይዞህ ልጄ" አሉት። "ገና ወጣት ነህ፣ ትደርስበታለህ።"