ቫዝሊን የተቀባው አቮካዶ

[ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ። የበጋ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ፍቃዱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ስልኩን እየጎረጎረ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ የአቮካዶ ችግኝ አለ። የጎረቤት ልጅ ኢክራም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ችግኙ ዘንድ ቆም አለች፤ ከኮዳዋ የተረፈቻትን ውሃ ሥሩ ላይ አንጠፍጥፋ፣ ማን አየኝ ሳትል ሄደች። ሌላው ጎረቤት ካሳሁን ውሃ የሞላ ጀሪካኑን ተሸክሞ ከቦኖ ሲመለስ ይህን አይቶ ደስ አለው። ፍቃዱ ግን ደሙ ፈላ።]

ፍቃዱ፦ አየሃት? ውሃ ስትደፋ!

ካሳሁን፦ ምን ደፋች? ለተጠማ አጠጣች እንጂ። ጽድቅ ነው።

ፍቃዱ፦ ጽድቁን ለቄሱ ተወው። ይሄ ችግኝ ከእንግዲህ አይጠማም። ዘግቼዋለሁ።

ካሳሁን፦ ምኑን?

ፍቃዱ፦ ቅጠሉን ነዋ!

ካሳሁን፦ [ጀሪካኑን አስቀምጦ ቅጠሉን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ] ቫዝሊን ነው እንዴ? ምነው፣ ተረከዙ ተሰነጠቀ?

ፍቃዱ፦ ደነዝ! ተክል ከሚጠጣው ውሃ አብዛኛውን መልሶ በቅጠሉ ያተነዋል። ከቅጠሉ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። እኔ ደግሞ ላይና ታቹን ለቅልቄ ደፈንኩለት።

ካሳሁን፦ እግዚአብሔር ቀዳዳውን ሲያበጅ መድፈኛውን ረሳው በለኛ።

ፍቃዱ፦ ለእኔ ተወልኝ!

ካሳሁን፦ ታዲያ አፈሩ ርሶ እያለ ለምን ቢጫ ሆነ?

ፍቃዱ፦ እያረፈ ነው።

ካሳሁን፦ አንገቱን ደፍቶ?

ፍቃዱ፦ ጠግቦ ነው! አንተ መቼ ጥጋብ አይተህ ታውቃለህ?

ካሳሁን፦ ሂሩት ዛሬ ከቱላ አትመለስም እንዴ? አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ «አደራ ባሌ» ያለችህ ይሄንኑ አይደል? ሟች አባቷ ከተከሉት ዛፍ የቀረላት እሱ ብቻ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ቤት ተሠርቶበታል።

ፍቃዱ፦ አደራዬን እየተወጣሁ ነዋ! እንደ አንተ ያለው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ፣ እኔ በጭንቅላቴ እሠራለሁ።

ካሳሁን፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር አልገባኝም።

ፍቃዱ፦ አንድ ብቻ?

ካሳሁን፦ ውሃውን ከሥር ወደ ላይ ማን ያወጣዋል? የእኛ ቧንቧ እንኳ ያለ ሞተር ፎቅ አይወጣም።

ፍቃዱ፦ [እያቃሰተ] ከአንተ ጋር ከማውራት ግድግዳ ማናገር ይሻላል። ግንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ። ውሃው ከቅጠሉ ሲተን፣ የሄደው የቀረውን ይጎትተዋል፤ ውሃ ከውሃ ተያይዞ፣ ተያይዞ፣ እስከ ሥር ድረስ። ለስላሳ በስትሮ ጠጥተህ አታውቅም? ቅጠሉ አፍ ነው፣ ግንዱ ስትሮ ነው፣ መሬቱ ጠርሙስ ነው። ለሕፃን ልጅ እንኳ ይገባል!

[ካሳሁን አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። አመልካች ጣቱን እንደ ስትሮ ከንፈሩ ላይ ገትሮ፣ ዓይኑ እስኪፈጥ ድረስ ታገለ።]

ፍቃዱ፦ ምን ሆንክ ደግሞ?

ካሳሁን፦ እየሳብኩ ነበር። አልመጣልኝም።

ፍቃዱ፦ አፍህን ዘግተህ እንዴት ይመጣልሃል፣ አንተ በግ! ክፈተው!

ካሳሁን፦ [ወደ ችግኙ እያየ] የእሱንስ ማን ይክፈትለት?

[ፍቃዱ ጎንበስ ብሎ ቢጫውን ቅጠል አገላብጦ አየ። ስልኩ ጮኸ።]

ፍቃዱ፦ አቤት ሂሩትዬ! ባጃጅ ይዘሻል? ደረስሽ? ችግኙማ... ችግኙማ ያብረቀርቃል! [ስልኩን ዘግቶ ቅጠሉን በሸሚዙ እጅጌ መፈተግ ጀመረ] ወይኔ፣ አይለቅም!

ካሳሁን፦ ቀስ! ትበጥሰዋለህ። በሳሙና ውሃ አለስልሰህ እጠበው።

ፍቃዱ፦ በየትኛው ውሃ? ቤት ውስጥ ጠብታ የለም። ችግኙ ከእንግዲህ አይጠጣም ብዬ ቦኖ መሄድ ትቻለሁ።

ካሳሁን፦ [ጀሪካኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጎ] እንካ። ጫፉ ላይ የበቀለችው ለጋ ቅጠል አልተቀባችም፤ ትንሽ ስለሆነች አላየሃትም። ተመስገን፣ እሷ መሳቧን አልተወችም። ማን ያውቃል፣ ታተርፈው ይሆናል።

ፍቃዱ፦ [ከመንገዱ ጥግ የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ እጁን ያዘው] ካስዬ፣ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ! አንዲት ውለታ ብቻ ዋልልኝ። ሂሩት ስትጠይቅ «የቀባሁት እኔ ነኝ» በልልኝ።

ካሳሁን፦ ብልስ ማን ያምነኛል? «ካሳሁን ምንም አያውቅም» እያልክ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረሃል። ችግኝ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም እንዲሞት ለማድረግ እኮ ዕውቀት ይጠይቃል!