ኮንሰርቶ በጸጥታ አስከባሪ

በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ እንዲህ ያሉ ቃላትም አሉ። «ጸጥታ» አንዱ ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲያገኙት ጭምት ነው፤ ሕፃን ሲተኛ ወይም ዝናብ ሲያባራ ቤቱን የሚሞላው ዓይነት ዝምታ። ከመዝገበ ቃላቱ ሲወጣ ግን ቆቡን ይደፋል፣ ቀበቶውን ያጠብቃል፣ መታወቂያ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱንም ስለሚያውቃቸው ግር አይለውም። እኛ የመቐለ ሰዎች ግን ለዝምታው «ስቕታ» የሚል የራሳችን ቃል አለን። ስለዚህ ጸጥታን የምናውቀው በሁለተኛው ሥራው ነው። እሱንም ከበቂ በላይ አውቀነዋል።

መምህር ይልማ ይህን አያውቅም ነበር። ይልማ ጎጃሜ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ የኦርኬስትራችን መሪም ነው። ኦርኬስትራ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ከተማሪ፣ ከመዘምራን፣ ከሠርግ ባንድና ከጡረታ የተለቃቀምን ነን። እኔ ከጡረታው ወገን ነኝ። ትራምፔት እነፋለሁ። ሰፈር ውስጥ ጡሩምባ ነው የሚባለው፤ ወሎዬው ጎረቤቴ ሰይድ መሣሪያዬን ይዤ ስወጣ ባየኝ ቁጥር «ደግሞ ማን ሞተ?» ይለኛል።

ጡሩምባ የያዝኩት ወድጄ አይደለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤታችን ውስጥ ምሳ የሚባል ነገር ቀረ፤ የማርሽ ባንዱ ደግሞ ምሳ ያበላ ነበር። ነፊ ጎደለ ሲሉ እጄን አወጣሁ። አሠልጣኛችን ድምፅ የሳተውን ልጅ ከምሳ ሰልፍ ያስወጣ ነበር። ቶሎ ተማርኩ። ስለዚያ ዘመን ይኸው ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቀብር ላይ፣ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ነፍቻለሁ። ሁልጊዜ ውጭ፣ ሁልጊዜ ቆሜ፣ ሁልጊዜ ሰው እያወራ። እኔ ስነፋ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ይከራከራል፣ የጠፋ ልጁን ይጣራል፣ የሚያማውን ያማል። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ሰው ቁጭ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሰማኝ ማየት እፈልግ ነበር። ከንፈሬ ደግሞ እየደከመ ነው። የነፊ ከንፈር ከደከመ ቀሪው ጌጥ ነው።

ይልማ ሕዝብ ባለበት ቀጥታ እንቀረጽ ብሎ ሲነሳ ያ ቀን መጣ አልኩ። መጀመሪያ ሲምፎኒ፣ ቀጥሎ አንድ የቆየ የትራምፔት ኮንሰርቶ፤ ብቸኛ ነፊው እኔ። ድምፅ ቀጂው ማይክሮፎኖቹን ይዞ ከአዲስ አበባ ይመጣና በማግስቱ ጠዋት በአውሮፕላን ይመለሳል። ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል የለም። የይልማ ጭንቀት ሕዝቡ ነበር። የሙዚቃው ክፍሎች ሲቀያየሩ ያለችውን ትንሽ ፋታ እልልታ እንዳይሞላት ፈራ፤ እኛ ደግሞ ደስ ሲለን ዝም የምንል ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው ደወለና፣ በጥሩ አማርኛ፣ አዳራሹ ውስጥ ጸጥታ የሚያስከብሩ ጥቂት ሰዎች ላኩልኝ አለ።

ላኩለት። ፒካፕ ሙሉ ፖሊስ።

እሑድ ከሰዓት ሓድነት ሰፈር ያለው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ዘለው ወረዱ፤ ዱላ፣ መገናኛ ሬዲዮ፣ ከስክስ ጫማ። አለቃቸው ሳጅን ሓጎስ ቀጥ ብሎ ወደ ይልማ መጣ።

«መምህር፣ የሚያሰጋችሁ ማነው?»

ይልማ መልኩ ተለዋውጧል። «ኧረ ማንም የለም ሳጅን። እኛን የሚያሰጋን ሳል ብቻ ነው።»

«ሳል?» ሓጎስ ፊቱ ጠቆረ። «ወዲ መን እዩ? የማን ልጅ ነው?»

«ሰዓል ማለቱ ነው ሓጎስ» አልኩና ደረቴን እየመታሁ ሳልኩለት። ከእሱ ኋላ የነበሩት ፖሊሶች ሳቁ። ሓጎስ አልሳቀም።

«ኣያ ኪሮስ» አለኝ፣ «ነፊው አንተ ነህ? ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?»

«ሰዓት አይሞላም። በዚያ መሃል ድምፅ ከተሰማ ግን አለቀልን። ድምፅ ቀጂው ነገ ይሄዳል።»

«ተወው። የኛ ሥራ ነው» አለ።

መሣሪያዬን አይቶ የሚያደንቅ ሰው አጋጥሞኛል፣ ሥራዬን እንደ ግዳጅ የተቀበለልኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ሰው ልኮ መንገዱን ለባጃጅ ዘጋ። ከማዶ ሞባይል የሚሸጠውን ልጅ ስፒከሩን አስጠፋው። ወለሉ ሲንቋቋ ሰማና ሰዎቹን ሁሉ ጫማ አስወለቀ፤ በየግድግዳው ሥር ዱላ ይዘው፣ በካልሲ፣ ከፊሎቹም አውራ ጣታቸው ወጥቶ ተገተሩ። ይልማ ነገሩ ሲጥመው ጊዜ፣ ከአሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት የሚነሳውስ አውሮፕላን ብሎ ጠየቀው። ሓጎስ አሰበበት። ያስፈራኝ ማሰቡ ነው። ደግነቱ «እሱ ይለፍና ጀምሩ» አለ።

አለፈ። ጀመርን። ሲምፎኒውን እንደ ምንም ተወጣነው። ከዚያ ተነሥቼ ፊት ወጣሁ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ነፋሁ፣ ሁለተኛው መጣ። ሁለተኛው ቀስ ያለ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚደበቁበት የሌለው። ከፊት ረድፍ አንዲት እናት ሳል ሲይዛቸው አየሁ። ሓጎስ በካልሲው ደርሶ ምንም አላላቸውም፤ ራሱ ትንፋሹን ይዞ አሳያቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑና አብረውት ያዙ። እኔም ያዝኩና የክፍሉን ከሁሉ ከፍ ያለች ድምፅ ነካኋት። አልሳትኳትም። አዳራሽ ሙሉ ሰው አየኝ፤ የሚያወራ አልነበረም።

ሦስተኛውን ክፍል በደስታ ጨረስኩት። ይልማ እጁን አወረደ። ማንም አላጨበጨበም። ሕዝቡ ሓጎስን ያያል፣ ሓጎስ እኔን ያየኛል።

«ኣያ ኪሮስ፣ ወዲኡ ድዩ? አለቀ?»

ትንፋሽ ስላልነበረኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ሕዝቡ ዞረና በሰልፍ ሜዳ ድምፁ፣ «ሕጂ ይከኣል እዩ! አሁን ይቻላል!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እልልታ ጣሪያው ይንገራችሁ። እናትየዋ መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ ከሁሉ በላይ እልል አሉ።

ድምፅ ቀጂው ሥርዓት ወዳድ ነውና የሓጎስን ድምፅና እልልታውን ቆርጦ አወጣና የቀረውን ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ላከ። መልስ መጣ፦ «ሥራው ግሩም ነው፤ ግን ሕዝብ ባለበት ተቀረጸ ያላችሁት አይታመንም። አንድ ሳል እንኳ የለውም።» የተቆረጠውን ቀጥለን ላክን። ተላለፈ።

አሁን ከተማው የሚያውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። ባለፈው ከሓድነት ወደ መሃል ከተማ በሚኒባስ ስገባ ሾፌሩ ከሬዲዮ የቀዳውን «ሕጂ ይከኣል እዩ!» ደጋግሞ ያስጮኻል፣ ተሳፋሪው ይስቃል።

«ከዚያ በፊት ያለውን የነፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። «ከዚያ በፊት ነገር አለው እንዴ ኣቦይ?»

«አለው።»

ወደ ኋላ መለሰው፤ ቀስ ያለው ክፍል ላይ አረፈ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ስልኳን ዘጋች። ከዚያ የኋላ ወንበሮቹ ወሬ ቆመ። ዱላ የያዘ ሰው አልነበረም፣ ይቻላል አይቻልም የሚልም የለም። ቀዳማይ ወያነ ደረስን፤ ሰው ሁሉ የሚወርድበት ቦታ ነው። «ወራዲ ኣሎ!» የሚል ጠፋ።

እኔም መውረጃዬን አለፍኩ።