በሽማግሌዎች ፊት ያለቀሰው በቀቀን

ውሻ ያሳደገ ሰው ቤቱ ይጠበቅለታል። ድመት ያሳደገም ከአይጥ ያርፋል። በቀቀን ያሳደገ ግን ጠባቂውም አሽከሩም ራሱ ነው። ሱፍና ፓፓያ ታቀርባላችሁ፣ ውሃ ትቀይራላችሁ፣ ፍርፋሪውን ትጠርጋላችሁ፣ የሰፈራችን የዓለም ገና ነፋስ እንዳያገኘው በር ትዘጋላችሁ። በምላሹ ምን ታገኛላችሁ? የሰማውን መልሶ ያሰማችኋል። ያውም ቁም ነገሩን ሳይሆን ጮክ ተብሎ የተነገረውን።

የእኛ ቤቱ ሹሜ ይባላል። ያመጣው አባቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከእኛ ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር ሲያወራ የሚውለው። አባቴ በድንገት ሲያርፍ የሹሜ ነገር ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ግርግር መሀል የሽቦ ቤቱን ከሳሎን ማውጣት ለማን ትዝ ይለዋል? አክስቴ ደግሞ ያላት አንድ ወንድም አባቴ ነበርና ለቅሶኛ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ታነሣዋለች። ሹሜም ሱፉን እየፈለፈለ ሲያዳምጥ ሰነበተ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ብትገባ፣ ሹሜ ላባውን ነፋና በአክስቴ ድምፅ «ወየው ወንድሜ!» አላት። ሴትዮዋ የያዘችውን ሰሃን ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ ነጭ የለበሰ እንግዳ ሲያይ ያለቅሳል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። እህቴ ሰናይትና አንድ የፉሪ ልጅ ይዋደዳሉ። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እናቴ ግን በሆዷ የያዘችው ነገር አለ። «እዚህ አጠገባችን ፉሪ ተቀምጠው ባሌ ሲሞት ያልደረሱኝ ሰዎች ልጄን አይጠይቁኝም» አለች። ሄደን እንንገራቸው ብንላት፣ «ለቅሶ ድረሱልኝ ተብሎ አይለመንም» ብላ ዘጋችው። ታላቅ ነኝና «ልጃችን ገና ናት ብለህ መልሳቸው» ተባልኩ። ልብ በሉ፣ ሠላሳ ልትሞላ ትንሽ ለቀራት ልጅ ነው። ሰናይት ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ካሰብነው ሰዓት ቀድመው ደረሱ፤ ሁሉም በነጭ ጋቢ። ሹሜን ወደ ጓዳ ለማስገባት ጊዜ አልነበረኝም። የሚመሯቸው የልጁ አያት ኦቦ ቶሎሳ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን። ተቀመጡ ብንላቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ሲጀምሩ ከጥጉ ጩኸት ተነሣ።

«ወየው ወንድሜ! ወየው ጋሻዬ!»

ክው አልኩ። ልጅ ሊጠየቅ በቆሙበት ለቅሶ! ከዚህ የባሰ ሟርት ከየት ይመጣል? አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ሮጬ ነጠላ ጣል ባደርግበት፣ ሹሜ ነጠላው ሥር ሆኖ ባሰበት። እናቴ አገጯን ይዛ ቀረች።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ዋሽቼ ላልፍ ነበር፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። «የአክስቴ ነው። አባታችን ሲያርፍ የያዘው ነው። ዓመቱም አልወጣ» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን ብለው ተነጋገሩ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «ልጁ አባቷ የሉም አለን እንጂ በቅርቡ መሆኑን አልነገረንም» አሉ ወደ እናቴ ተመልሰው። «ለቅሶ ሳንደርስ ልጅ ልንጠይቅ ገባን። አፈርን። ዛሬ ጥያቄ የለንም። እግዜር ያጥናዎት።» ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ፤ ለቅሶኛ ተቀመጥ እስኪባል አይጠብቅምና። ደግሞ የእውነት አለቀሱ፣ አይተውት ለማያውቁት ሰው። እናቴም አለቀሰች። ሹሜ ከነጠላው ሥር ያጅባቸዋል።

በኋላ እንባቸውን ጠርገው «ለዋናው ጉዳይ ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብለው ሲነሡ እናቴ ከለከለቻቸው።

«የት ትሄዳላችሁ? ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

ከሹሜ ጩኸት ይልቅ ያስደነገጠን ይሄ ነው። ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ተለማምጦ፣ ጫማ ጨርሶ ነው እሺ የሚባለው። ኦቦ ቶሎሳ ለእምቢታ ረጅም ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ለእሺታ ግን አንድም ቃል አልያዙም። አፋቸውን ከፍተው እናቴን ሲያዩ ከጓዳ እልልታ ቀለጠ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ነውር ነው ያላት ሰው ግን አልነበረም።