አንዲቱ ክፍል ለየትኛው ሙያ ትሰጥ? የስደተኞች የሙያ ሥልጠና ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የአምናው በመሆኑ ስለ ቀኑ ቁጥር ክርክር ተነሥቶ፣ ዕለቱ ሐሙስ መሆኑ ብቻ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ቦታ፦ የሥልጠና ክፍሉ። ክፍሉ ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ወጥቷል፤ ሽታው አልወጣም። በመሆኑም በስብሰባው ላይ የሚታይ ማንኛውም እንባ ከሽንኩርቱ የመጣ ተደርጎ እንዲቆጠር ሰብሳቢው በቅድሚያ አሳስበዋል።

የተገኙ፦ በአገራቸው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ሰብሳቢ፤ ልብስ ሰፊዋ፤ የልብስ ሰፊዋን ሴት ልጅ ያገቡት በያጅ፤ ፀጉር አስተካካዩ፤ እንዲሁም የረድኤት ድርጅቱ ባለሙያ በታዛቢነት። ታዛቢው ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም፤ የመናገር ግን አላቸው፤ ተጠቅመውበታል። ጸሐፊ፦ እኔ።

ያልተገኙ፦ ምክትል ሰብሳቢው። ምክንያት፦ ሥራ አግኝተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ፀጉር አስተካካዩ አባላቱን ቆጥረው አንድ ሰው እንደሚጎድል አስታወቁ። የጎደሉት ራሳቸው መሆናቸው ተነግሯቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የምክትል ሰብሳቢው ጉዳይ

ምክትል ሰብሳቢው ማንንም ሳያስፈቅዱ ዳቦ ቤት መቀጠራቸው ተገለጸ። በያጁ «ታዲያ ሰውዬው ራሱን ቻለ ማለት አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ራስን መቻል የኮሚቴው ዓላማ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ኮሚቴው ሳያውቅ ራስን መቻል ግን ሥርዓት አልባነት መሆኑን አብራሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ምክትል ሰብሳቢው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው፣ ደብዳቤውን ለመቀበል ሲመጡም ትኩስ ዳቦ ይዘው እንዲመጡ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ክፍሏን ለአንድ ሙያ መስጠት

ባለሙያው ያለችው ክፍል አንዲት ብቻ መሆኗን፣ ዛሬ አንድ ሙያ ካልተመረጠላት ነገ የድንኳን ማስቀመጫ እንደምትሆን ገለጹ። ድርጅታቸው የሚመክረው የሳሙና ሥልጠና እንደሆነም አከሉ።

ልብስ ሰፊዋ የሳሙና ሥልጠና ከዚህ በፊት መሰጠቱን፣ ከዚያም መደገሙን፣ በምስክር ወረቀቱም የጣራ ቀዳዳ እንደደፈኑ ተናገሩ። «ሰፈሩ ሁሉ ሳሙና ይሠራል። ለማን ነው የምንሸጠው? ሁላችንም ሻጭ ነን» አሉ። ባለሙያው ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ገልጸው ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፉ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አላለፉም። ቆመው የሚከተለውን ተናገሩ፤ ቃል በቃል እንዲያዝላቸውም ጠይቀዋል፦ «በአገሬ ሱቄ በር ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር። እዚህ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ ‹ዛሬ ምን ተሰጠሽ?› ይለኛል። ‹ምን ሰፋሽ?› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

በክፍሉ ጸጥታ ሆነ። ሰብሳቢው ጸጥታው እንዲመዘገብ አዘዋል፤ ተመዝግቧል። ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላም የሽንኩርቱ ጉዳይ በድጋሚ እንዲመዘገብ አዘዋል፤ እሱም ተመዝግቧል።

ፀጉር አስተካካዩ የመጋረጃ ናሙና ዘርግተው እያሳዩ ክፍሏ በመጋረጃ ለሦስት እንድትከፈል ሐሳብ አቀረቡ። በያጁ የብየዳ ብልጭታ መጋረጃ እንደማያከብር አስታወሱ። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ልጅ፣ ብልጭታህን ይዘህ ውጭ ለምን አትበይድም?» አሏቸው። በያጁ «እማማ፣ ውጭ መብራት የት አለና?» ሲሉ በአክብሮት መለሱ። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸውን ሲድሩ ይህ ሰው አፍ እንዳልነበረው ተናገሩ። ንግግሩ ከአጀንዳው ውጪ በመሆኑ አልተመዘገበም።

ፀጉር አስተካካዩ ሙያቸው ቦታ እንደማይፈጅ በተግባር ለማሳየት ፈቃድ ጠይቀው፣ ፈቃዱ እስኪሰጥ ሳይጠብቁ ቶንዶሳቸውን ሰክተው የሰብሳቢውን ራስ በግራ በኩል ጀመሩ። በያጁም የእሳቸውስ ሙያ ለምን በተግባር አይታይም ብለው የብየዳ ማሽናቸውን አስነሡ። ከመስኮቱ ሥር ታላቅ ብልጭታ ታየ፤ ወዲያው መብራቱ ድርግም አለ።

የሰብሳቢው ግራ ራስ ተላጭቶ ቀኙ እንደነበረ ቀረ። ሰብሳቢው ምን እንደሚመስሉ ጠየቁ። አባላቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

መብራቱ ሲመለስ፣ በያጁ በሚበይዱበት ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሳቸውን ነቅለው ትንፋሻቸውን እንዲይዙ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ትንፋሽ መብራት እንደማይፈጅ በማስረዳት ፀጉር አስተካካዩ የሐሳቡን ሁለተኛ ግማሽ አስቀነሱ፤ የቀረው ጸደቀ።

ወደ ድምፅ ተገባ። ስፌት አንድ ድምፅ አገኘ፤ የልብስ ሰፊዋን። ብየዳ የበያጁን፣ ፀጉር ማስተካከል የፀጉር አስተካካዩን አገኙ። ወሳኙን ድምፅ እንዲሰጡ ሰብሳቢው ተጠየቁ። ለፀጉር ቢሰጡ «ለቀኝ ጎኑ ሲል ነው» እንደሚባሉ፣ ለሌላው ቢሰጡ ቀኝ ጎናቸው ሳይላጭ እንደሚቀር ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ።

ባለሙያው ሰዓታቸውን አዩ። ክፍሏ ከእጃችን ከምትወጣ ብለው አባላቱ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ ለሳሙና እጃቸውን አወጡ። በሙሉ ድምፅና በታላቅ ኀዘን ክፍሏ ለሳሙና ተሰጠች።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በሩ ላይ ቆመው ታዩ። የአባልነት ጥያቄ ይዘው የመጡ መስሏቸው ሰብሳቢው ተራ እንዲይዙ ጠየቋቸው። ሾፌሩ የያዙት የአውቶቡሳቸውን በር ነበር። «ማጠፊያው ተሰብሮ መንገድ ላይ ወደቀብኝ። እዚህ ብልጭታ አይቼ ነው፤ በያጅ አለ?» አሉ።

ባለሙያው ክፍሏ ለሳሙና መወሰኗን በትሕትና አስረዱ። ሾፌሩ «ታዲያ በሩን በሳሙና ልታጣብቁት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ሳያልቅ በያጁ በሩን ተቀብለው ወጥተው ነበር። ሽቦውን በመስኮት አሳልፈው ሥራ ጀመሩ።

አውቶቡሱ ባዶ እንዳልነበረ ቀጥሎ ታወቀ። መጀመሪያ የገቡት ተሳፋሪ በሩ ሲወድቅ ሱሪያቸው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የተቀደደባቸው፣ የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ ያለባቸው ሰው ነበሩ። ሱሪያቸውን በሁለት እጅ ይዘው «መርፌ የሚይዝ ሰው አለ?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ በነበረው በእግር በሚሠራው የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው ሱሪያቸው እስኪያልቅ በፀጉር አስተካካዩ የመጋረጃ ናሙና ተሸፍነው የኮሚቴውን ውይይት ተከታትለዋል።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቆመው ከሚጠብቁ ብለው ፀጉር አስተካካዩን ከበቡ። ፀጉር አስተካካዩ ብየዳው መብራት ስለያዘ መቀስ አወጡ። ሰብሳቢው ተራው የእሳቸው መሆኑን፣ እንዲያውም ከሁሉም በፊት ተጀምረው እንደነበር በተደጋጋሚ አመለከቱ። አንዲት ተሳፋሪ «ለአባባ ቅድሚያ ስጧቸው፤ እንዲህ ሆነው እንዴት ሰው ፊት ይወጣሉ?» በማለታቸው ቀኝ ጎናቸው ተስተካክሏል።

ከውጭ በያጁ ሰው ጠሩ። ባለሙያው ወጥተው በሩን ደግፈው ያዙ። ይህ ሥልጠና ይባል ወይስ ሥራ በሚል ማብራሪያ ቢጠይቁ፣ «ትንሽ ወደ ግራ፤ እንዲያ፤ አይንቀሳቀሱ» የሚል ምላሽ አግኝተዋል። በዚሁ መሐል አለቃቸው በስልክ ደወሉ። ባለሙያው ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ይዘው «ለድንኳኖቹ ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው። ክፍሉ ሞልቷል። አይ፣ በሰው ነው የሞላው። እኔ ራሴ ውጭ ቆሜ በር ይዣለሁ» ሲሉ ተሰምተዋል። አለቃቸው የትኛውን በር እንደሆነ ጠይቀው እንደነበር ተገምቷል።

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን አስረከቡ። ሰውየው ስፌቱን በጣታቸው ፈልገው አጡት። «የቱ ጋ ነበር የተቀደደው?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰብሳቢው «ሽንኩርቱ…» ብለው ሲጀምሩ ልብስ ሰፊዋ «ሽንኩርቱን ተዉት ጋሼ፤ እያለቀስኩ ነው» አሏቸው። ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው አጀንዳ ሁለት እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። ድምፅ እንዲሰጥ ሲጋብዙ ልብስ ሰፊዋ መርፌ በአፋቸው ይዘው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጆሮ ይዘው ነበር፤ በያጁ የብየዳ መነጽር አጥልቀው ምንም አላዩም። እጅ የሚያወጣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ባለመገኘቱ ሰብሳቢው ብቻቸውን የሚከተለውን ወሰኑ፤ ተቃዋሚም አልነበረም።

ውሳኔ፦ ክፍሏን ለሳሙና የሰጠው፣ ቶንዶስ የሚያስነቅለውና ምክትል ሰብሳቢውን የሚያስጠነቅቀው ውሳኔ፣ በጠቅላላው ዛሬ በዚህ ኮሚቴ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ዳቦው ብቻ ጸንቶ ይቆያል በሚል ከመስኮቱ ውጭ የተሰማው ድምፅ የባለሙያው ሆኖ ስለተገኘ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌላቸው፣ እሱም ተሽሯል።

ስብሰባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተበትኗል። ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ሊጸድቅ ሲል አንዲት ወይዘሮ ከተሳፋሪዎቹ መሐል ወጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል። ማመልከቻ ትጽፊያለሽ?» አሉኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለአከራዬ ነው። ጣራው ያፈሳል፤ ስነግረው ይስቃል። ጠንከር አድርገሽ ጻፊልኝ፤ ደግሞ አትቸኩዪ፣ አውቶቡሱ ያለ በሩ እኔን ትቶ አይሄድም» አሉ።

ጠንከር አድርጌ እየጻፍኩ ስለሆነ ቃለ ጉባኤው እዚህ ላይ ተዘግቷል።