መርዶዬን የላከው አዝራር

ወዳጆቼ፣ እኔ ዛሬ ረፋድ ላይ አርፌያለሁ!

መርዶዬ ለመላው የእድራችን አባላት ደርሷል። ድንኳን ተተክሏል። ተለቅሶልኛል። ይህን የምጽፍላችሁም ገና ካልተነቀለው ድንኳን ሥር ተቀምጬ ነው!

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ከአማርኛ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ እንዳይጠፋኝ ብዬ ፕሮግራም መጻፍ ተምሬአለሁ።

እዚህ አምቦ፣ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ኦቦ ጉተማ ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ እየነፉ፣ የሟቹን ስም እየጠሩ ይዞራሉ። ነገር ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ ዛሬ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ ይኖራሉ። ጥሩንባው እነርሱ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ መርዶውን በስልክ መልእክት ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያደርስ ፕሮግራም ሠራሁ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም!

ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን መስኮትና አዝራሮች ግን ራሴ አልሠራኋቸውም። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ አለ፤ ላይብረሪ ይባላል። «በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል» ይላል መግለጫው። አመንኩት። (ለመሆኑ መግለጫ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው አለ? ተማሪዎቼን «ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ አትመልሱ» እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ፣ አላነበብኩም!)

ቤቴ ያለው ላፕቶፕ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። በእርሱ ላይ ፕሮግራሜ እንደ ሙሽራ ያምር ነበር።

ዛሬ ጠዋት የእድሩ ኮሚቴ ሊያየው ተሰበሰበ። ሥራው የሚሠራው በእድሩ ኮምፒውተር ስለሆነ ማሳያውም በዚያው ይሁን ተባለ። ኮምፒውተሩ ዕድሜው የገፋ ዊንዶውስ ነው። መልእክቱን የሚልከውን ስልኬን በኬብል አገናኝቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት።

ፊደል የለም!

ባማረው አማርኛዬ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሳጥን ምንድነው?»

«ፊደሎቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል አልተጫነበትም።»

«እንግዲያውስ ፊደሉን እንጫንና ነገ ያሳዩን።»

ነገ? እኔ? በኮሚቴ ፊት? «አያስፈልግም» አልኳቸው፤ «የእያንዳንዱን አዝራር ቦታ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ለሙከራው የሟች ስም አስፈለገ። በሕይወት ያለ ጎረቤት ስም በመርዶ ላይ መጻፍ ነውር ስለሆነ የራሴን ጻፍኩ። እዚያ ሳጥን ሆኖ ቢታይም እንዲህ ይላል፦ «የእድራችን አባል አቶ ተፈራ ዲንሳ፣ በድንገተኛ ሕመም፣ ዛሬ ጠዋት ስላረፉ፣ በቀብራቸው ላይ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን።» ነጠላ ሰረዞቹን ልብ በሉልኝ!

ፕሮግራሙ ሳያረጋግጥ እንደማይልክ ላሳያቸው ፈለግሁ። የመላኪያውን አዝራር ስጫን ማረጋገጫው ብቅ አለ፤ ሁለት አዝራር፣ ሁለቱም ሳጥን። ቤቴ ባለው ላፕቶፕ በግራ ያለው «ተው»፣ በቀኝ ያለው «ላክ» ነው።

በሙሉ መተማመን ግራውን ተጫንኩ።

ለካስ ያ የተባረከ ላይብረሪ የአዝራሮቹን ቅደም ተከተል እንደየኮምፒውተሩ ልማድ ያገላብጠዋል! መግለጫው ላይ ተጽፏል። አሁን አንብቤዋለሁ።

ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። ኬብሉን ስነቅለው መርዶዬ አገር ለአገር ደርሷል።

ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ባኮ ልጇ ዘንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ የእድሩ አባል ናት። ደም ግፊት አለባት። አሥር ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሳም። በመጨረሻ ልጇ አነሳችና፣ የሞተ ሰው ሲደውልላት ጮኻ ስልኩን ጣለችው። መልሳ ስታነሳው «እማዬ አውቶቡስ ላይ ናት! ስልኳን እንኳ ሳትይዝ ነው የሮጠችው!» አለችኝ።

ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

መንገድ ላይ ለለቅሶዬ የሚሄዱ ሰዎች ተገናኙኝ። አንዱ ቆሞ አፈጠጠብኝ። «እኛማ እንዲህ ያለ ንጹሕ አማርኛ ከጋሽ ተፈራ በቀር ማንም አይጽፍም ብለን ነው ያመንነው» አለኝ። ራሴ ካረፍኩ ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ የለም!

ኦቦ ጉተማ ብቻ ነበሩ ያላመኑት። «እኔ አልነፋሁም። ሳልነፋ ማን ሞተ?» ብለው ቁጭ አሉ።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ የባኮው አውቶቡስ ገባ። እትዬ ብርቄ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ወረደች። አየችኝ። ሮጬ ያዝኳት።

«ዋቃዮ! ተፈራ! አልሞትክም?»

«አልሞትኩም፣ እትዬ። የአዝራር ስህተት ነው።»

«የምን አዝራር?» አቅፋኝ አለቀሰች፣ ሳመችኝ፣ ከዚያ በያዘችው ዣንጥላ ትከሻዬን አቀመሰችኝ። «ከባኮ እዚህ ድረስ አስለቀስከኝ! ሾፌሩ እንኳ አዝኖልኝ ሙዚቃውን ዘጋ! እኔ አንተን ልቅበር?»

ዱላው እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ! ክንዷ እንደ ድሮው ነው!

ያን አዝራር ዳግም መንካት ፈርቼ፣ እየደወልኩም ሁሉን ማዳረስ ስላልቻልኩ ኦቦ ጉተማን ለመንኳቸው። ጥሩንባቸውን አንስተው «ተፈራ አለ! ተፈራ አልሞተም!» እያሉ ዞሩ። ሰፈሩ ጥሩንባውን ሲሰማ ሌላ ሰው ሞተ ብሎ ደግሞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እትዬ ብርቄ ድንኳኑ ሥር በክብር ተቀምጣ ለቀስተኛውን «ኑ፣ ዳስሱት» እያለች ታሳየኛለች።

ኮሚቴው እዚያው ወሰነ፦ ፕሮግራሙ ይቀጥል፤ ኦቦ ጉተማ ሬሳውን በዓይናቸው ሳያዩ ግን ማንም ምንም አይጫን። ኦቦ ጉተማ ከዛሬ ጀምሮ የሶፍትዌሬ አካል ናቸው። የምተማመንበት ብቸኛው ላይብረሪ!

አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ቅድም ወይዘሮ ጫልቱ ደወሉ። «ጋሼ፣ ፊደሉን ጫንኩት፤ ቆንጆ ሆነ። ግን ፕሮግራሙ የአባላት ዝርዝር ውስጥ ስምዎ ላይ ‹ሟች› ይላል። እንዴት ልመልስዎት?»

መመለሻ የለውም። ሟችን ወደ ሕይወት የሚመልስ አዝራር ያስፈልጋል ብዬ እንዴት ላስብ?

ዛሬውኑ እሠራዋለሁ። እስከዚያ በእድሩ ዘንድ የለሁም። እናንተ በሕይወት ያላችሁ ወዳጆቼ ግን ምከሩኝ፦ በግራ ላድርገው ወይስ በቀኝ?