ከካምፓላ የመጣ የሞተር ትምህርት

(ፍኖተ ሰላም፣ ገነነ ደጃፍ። ገነነ የዓመት ፈቃዱን ካምፓላ እህቱ ዘንድ አሳልፎ፣ ግራ እጁን በጀሶ አሳስሮ ተመልሷል። ጎረቤቱ ባምላኩ በሳምንቱ ወደዚያው ለሽርሽር ሊሄድ፣ እዚያም ሞተር ተከራይቶ ሊነዳ ነው። ለልምምድ የተዋሰው ሞተር አጠገባቸው ቆሟል።)

ገነነ፦ ነገርኩህ እኮ! እዚያ አገር በግራ ነው የሚነዳው!

ባምላኩ፦ ሲሄዱ ይሁን። ሲመለሱስ?

ገነነ፦ ሲመለሱም በግራ!

ባምላኩ፦ ታዲያ እንዴት አይጋጩም?

ገነነ፦ እህህ! ወይ የኔ ጣጣ!

ባምላኩ፦ አትቆጣ ወንድሜ፤ ፈርቼ ነው። ሰብሊም «ገነነ ካላሠለጠነህ ንቅንቅ አትላትም፤ ባሌን ሙሉውን ነው የምፈልገው» ብላለች።

ገነነ፦ ደግ ሰው ዘንድ ልካሃለች። በመጀመሪያ፣ ሄልሜትህን አታውልቅ።

ባምላኩ፦ ስተኛም?

ገነነ፦ ሞተር ላይ ሳለህ! ደግሞ መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ። የክርስትና አባትህ ቢመጡ እንኳ እንዳትለቅ!

ባምላኩ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ እንዴት ተሰበርክ?

ገነነ፦ የዚያ አገር ሹፌር ሥርዓት የለውማ!

ባምላኩ፦ መኪና ገጨህ?

ገነነ፦ መኪናስ አልገጨኝም።

ባምላኩ፦ እና ምን አገኘህ?

ገነነ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) መስቀል አየሁ።

ባምላኩ፦ መስቀል ገጨህ?!

ገነነ፦ ስማኝ እንጂ! ሕንፃው ላይ መስቀል አየሁ። ባርኔጣ ደፍቶ ቤተ ክርስቲያን ማለፍ ነውር ነው ብዬ፣ ሄልሜቴን በሁለት እጄ አውልቄ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ቦይ ውስጥ ነኝ።

ባምላኩ፦ እኔን! ታቦቱ የማን ነበር?

ገነነ፦ ታቦት የለውም። ክሊኒክ ነው።

ባምላኩ፦ ታዲያ የት ታከምክ?

ገነነ፦ እዚያው። ነርሷ በመስኮት አይታኝ ኖሮ፣ «ተሳልሞን የገባ በሽተኛ ገና ዛሬ አየን» አለች። እህቴ እማዋይሽ ስታስተረጉምልኝ በሳቅ ልትሞት! እባክህ፣ እዚህ አገር መኪና ገጨው ነው የተባለው፤ እንዳታዋርደኝ።

ባምላኩ፦ ከአፌ አይወጣም። በል ውጣ፣ ልሞክረው።

(ገነነ ከኋላ ተፈናጠጠ። በቡሬ መንገድ ትንሽ እንደሄዱ ቤተ ክርስቲያን ታየ።)

ገነነ፦ መጣ! ሄልሜትህን እንዳትነካ! መሪውን ያዝ! እግዜር ችግርህን ያውቃል!

(ባምላኩ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ሄልሜቱን አውልቆ ተሳለመ። መልሶ አጠለቀና ሞተሩ ላይ ወጣ።)

ገነነ፦ ምን ሆነህ ነው የቆምከው?

ባምላኩ፦ ልሳለም ነዋ። አባቴስ በቅሎው ላይ ሆኖ መች ይሳለም ነበር? ወርዶ ነው እንጂ።

ገነነ፦ (ጀሶውን አየ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አየ) ...ለካ ይወረዳል!

ባምላኩ፦ አሁንስ ለሰብሊ ምን ልበላት?

ገነነ፦ ሥልጠናው ተጠናቋል በላት። ማን እንደሠለጠነ ግን፣ አደራህን፣ እንዳትነግራት።