ሐኪሞች የተኙበት ስብሰባ

ሰው ሹካ አፉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ሲወስደው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎዳይፍ ሰፈር እቤቴ፣ ፓስታ አቅርቤለት! ዶክተር ዮናስ ነው፣ የእህቴ ልጅ። "ብላ እንጂ!" ብዬ ብጮኽበት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ "እወ ሓትኖ፣ መርፌውን ወስዳለች" አለኝ። ሓትኖ የሚለኝ የእናቱ እህት ስለሆንኩ ነው። መርፌውን የወሰደችው ማን እንደሆነች ግን እሱ ይወቅ።

የምንሠራው አንድ ሆስፒታል ነው። እሱ በትልልቆቹ ሐኪሞች ሥር ይሠለጥናል፤ እኔ አንሶላና ጋዋን አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ሥልጠና ሲሉኝ ቁጭ ብሎ መማር መስሎኝ ነበር። ኧረ የት! አስተማሪው ሲያስረዳ አንዱ ቃሬዛ ይገፋል፣ አንዱ ደም ይዞ ይሮጣል፣ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ ያንጎላጃል። ማረፊያ ክፍላቸው ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። እሱም አንድ እግሩ አጭር።

አንድ ቀን የዮናስን ጋዋን ከመንከሬ በፊት ኪሱን ብፈትሽ ወረቀት አገኘሁ። መሠረተ ትምህርት ይመስገን፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ቀስ እያልኩ አነበብኩት። "ሥልጠናውን ለማቋረጥ" ይላል! እናቱ ስንት ዓመት የተሳለችበትን! ዝቅ ብሎ ደግሞ "ሥራውን እወደዋለሁ፤ ግን በድካም ሰው እንዳልገድል እፈራለሁ" ይላል። ወረቀቱን ጉያዬ ከተትኩና "ሳሙናው በላው" አልኩት። እንደገና አይጽፍም ወይ? በምን ጊዜው! ሥራ ለመልቀቅም እኮ መቀመጥ ያስፈልጋል።

በዚህ መሀል የሠራተኛ ማኅበሩ ጓድ ሊቀመንበራችን "የወጣት ሐኪሞችን እርካታ ስለማሻሻል" ብሎ ስብሰባ ጠራ። እሰይ አልኩ። ግን መቼ መሰላችሁ? በምሳ ሰዓት! ሐኪሞቹ ጎናቸውን በሚያሳርፉባት በዚያች ብቸኛ ሰዓት! አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ከዚያ "አስተያየት ያለው?" ሲል ስድስቱም ሐኪሞች አንገታቸውን ደፍተዋል። "ዝምታቸው እርካታቸውን ያሳያል" ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊያሰፍር! ይሄን ልቻል? ብድግ አልኩ። "ጓድ፣ ልጆቹ ረክተው አይደለም፣ ተኝተው ነው!" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከስድስቱ አንድም የነቃ የለም።

ውሳኔውስ? ችግራቸውን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ሰብሳቢው ጓድ ሊቀመንበር፣ አባላቱ ሐኪሞቹ ራሳቸው። የሚሰበሰቡት ሐሙስ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት። አሁን ይሄ ያስቃል ያስለቅሳል?

ንድድ ብሎኝ በእግሬ መደበር፣ አሮጌ ብረት የሚቀጠቀጥበት ገበያ ሄድኩ። ከአሮጌ ማኪና ብረት አልጋ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ የተቆረጠ ጣቱን የሰፋለት ዮናስ ነው። ስሙን ገና ስጠራለት መዶሻውን አነሣ። አልጋው በጋሪ መጣ። ማረፊያ ክፍላቸው አስገባሁት፤ በእጄ የተኮስኩትን አንሶላ አነጠፍኩበት። በማግስቱ በኩራት ብሄድ አንዲት አሮጊት ለጥ ብለውበታል! ዮናስ አግዳሚው ላይ ተጣጥፏል።

"ማን ነው እዚህ ያስተኛቸው?"

"እኔ ነኝ ሓትኖ። መሬት ላይ ነበሩ።"

በቃ፣ ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከጉያዬ መዝዤ "ያውልህ! ሳሙናው አልበላውም! ስጥና ተገላገል!" አልኩት። አነበበው። አየኝ። ከዚያ ገልብጦ በጀርባው የአሮጊቷን ትኩሳት ጻፈበት። "የበሽተኛ ካርድ አልቆብናል" አለኝ።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? እንደማይሄድ ገባኝ። እንግዲያው መተኛት አለበት። ኮሚቴው ውስጥ ካልገባሁ ብዬ ገባሁ። ሐሙስ ሲሆን "ጓድ፣ አስተያየት አለኝ" ብዬ እነሣለሁ። ከሳሙና እጀምራለሁ፣ ወደ ጎዳይፍ አውቶቡስ እሻገራለሁ፣ የጎረቤቴን ሠርግ ከነድግሱ እተርካለሁ። ሰፊው ሕዝብ ሲናገር ማን ደፍሮ ያቋርጣል? ያን የረገምኩትን ስብሰባ አሁን እንዳያጥርብኝ እሰጋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጓድ ሊቀመንበር ትዕግሥቱ አልቆ ጠረጴዛውን ደበደበና "እናቴ፣ ያሳጥሩልን እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

"ቀስ ብለው ይናገሩ ጓድ" አልኩት። "ይነቃሉ።"